ከምስክሬ ጋር ያነበብኩት ጥናት

የታሰርኩት «የትኛው ጥናት?» ብዬ በመጠየቄ ነው። ሌላ ወንጀል ካለብኝ እስካሁን የነገረኝ የለም።

ቦንጋ ላይ ስብሰባ ተጠርተን ነበር። መድረኩ ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ጫካ ለባለሀብት ቢሰጥ ለገበሬውም፣ ለቡናውም፣ ለንቡም ሳይቀር እንደሚበጅ ረዘም አድርገው አስረዱና «ይህንንም ጥናት አረጋግጧል» ብለው ደመደሙ። እጄን አወጣሁ። እኔ ከጎጃም ተመድቤ መጥቼ እዚሁ የቀረሁ መምህር ነኝ፤ ኮሌጅ ውስጥ የጥናትና ምርምር አጻጻፍ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከኋላዬ «አቶ ማስረጃ» እንደሚሉኝም አውቃለሁ። «ጥናቱን ማን አጠናው? የትስ ሄደን እናንብበው?» አልኩ። ሰው ሳቀ። ሳቁን እንኳ ይቅር ይሉኝ ነበር፤ ጉድ ያፈላው ከሳቁ በኋላ የመጣው ጭብጨባ ነው። በማግስቱ ከክፍል ስወጣ ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች «ለአንድ አፍታ ትፈለጋለህ» አሉኝ። የአገራችን አፍታ ምን ያህል እንደሚረዝም ያልቀመሰው ሰው አያውቀውም።

ያስገቡኝ ቤት ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ማዳበሪያው ከወጣ ቆይቷል፣ ሽታው ግን አልወጣም፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ምግቡም ላይ ይቀመጣል። ቆርቆሮው ኮርኒስ የለውም። የቦንጋ ዝናብ አንዴ ከጀመረ ማቆም አያውቅበትምና፣ ሲዘንብ ጎንህ የተቀመጠውን ሰው እንኳ አትሰማውም። መስኮቱን በጣውላ ዘግተውታል። በጣውላዎቹ መካከል በቀረችው ቀዳዳ ጠዋት ጠዋት ብርሃን ይገባል፣ ከማዶ ካለው ጫካም የጉሬዛ ጩኸት ይሰማል። መጀመሪያ ስገባ ያየሁት የሰው ፊት ሳይሆን እግር ነው፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እግር ብቻ።

በር ላይ ፈታሹ ስልኬን፣ ቀበቶዬን፣ የጫማዬን ክርና እስክሪብቶዎቼን ወስዶብኛል። ከቦርሳዬ ውስጥ አንድ የታተመ ጥናታዊ ጽሑፍ አገኘ። ለተማሪዎቼ ላነብላቸው የያዝኩት ነው።

«ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ ጫካ ንብና ስለ ማር።»

አገላበጠው። በእንግሊዝኛ ነው። ሠንጠረዡን ወደ ብርሃን አስጠግቶ ትንሽ አየውና «ይሄ ምንም አይል» ብሎ መለሰልኝ። እስክሪብቶ ከልክሎ ጽሑፍ መፍቀዱ አልተዋጠልኝም። ምን ፈልጎ ነው? እንግዲህ ጠባዬ ይህ ነው፤ ጽሑፍ ሲሰጡኝ ከጽሑፉ በፊት የሰጠኝን ሰው አያለሁ።

የክፍሉ አለቃ፣ በእስረኛ ቋንቋ ካቦው፣ የሺሺንዳ ከተማ ነጋዴ ነበር። በዕድሜም በክብደትም ሁላችንንም ይበልጣል። ከጎኑ ቦታ ሰጠኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

«መምህር፣ ስማኝ። አንተ የተያዝከው በአፍህ ነው። በአፉ የተያዘ ሰው የሚታሰረውም የሚፈታውም በሌላ ሰው አፍ ነው። ‹ከኋላው ሰዎች አሉ፣ መክረው ነው ያስጠየቁት› የሚል አንድ ምስክር ካገኙ ክስ መሥርተው ከዚህ ያነሱሃል። ካላገኙ ይሰለቻቸዋል፣ ይለቁሃል። ስለዚህ እዚህ ቤት ውስጥ ስለ ስብሰባው ትንፍሽ እንዳትል።»

«ለእርስዎም ጋሼ?»

«ለእኔም» አለ። «እኔን በምን አወቅከኝ?»

ሰው እንዲህ ሲናገር ደስ ይለኛል። ክስ ማለት ለእኔ ሥራዬን ማጣት ነበር፤ ቦንጋን አገሬ ያደረገችልኝን ሚስቴን ትቼ ወደማላውቀው እስር ቤት መሄድ ነበር። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። መርማሪው ዘንድ ስቀርብ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ከኋላህ ማን አለ?» እኔም የምመልሰው አንድ መልስ ብቻ ነበር። ማንም የለም።

ባለሙያው የገባው ከእኔ በኋላ ነው።

«ባለሙያ» የምለው እሱ ራሱን ሲያስተዋውቅ እንዲያ ስላለ ነው። የአንድ ወረዳ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነኝ፣ በግምገማ ከአለቃዬ ጋር ተጣልቼ ነው አለን። ሠላሳን ያለፈ፣ ትሑት፣ ሁሉንም «እርስዎ» የሚል ሰው ነበር። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው። ከግምገማ ተጎትቶ የመጣ ሰው ሸሚዙ ላይ አንድ ጭምዳድ አይጠፋም ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከእሱ ላይ ማንሣት አቃተኝ። እኛን ቁንጫ ሲፈጀን እሱ ሲፎክት አላየሁም። ከሰዓት በኋላ «ለሕክምና» ይጠራል፤ ሲመለስ ግን የመድኃኒት ሳይሆን የጥብስ ሽታ ይዞ ይገባል። ነጋዴው አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገና «የዚህ ሰው ሐኪም ሽንኩርት አይቸግረውም» አለኝ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኔ ግን መጠርጠርና ማወቅ ለየብቻ ናቸው እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ልፈትነው አሰብኩ። አንድ ቀን እንደዋዛ «ሚዛን ከተማ ያለው ወንድሜ ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?» አልኩት። ሚዛን ወንድም የለኝም። መርማሪው በቀጣዩ ጊዜ ሲጠራኝ ገና ሳልቀመጥ «ሚዛን ማን አለህ?» አለኝ። ያዝኩህ አልኩ በልቤ። ወደ ክፍሉ ስመለስ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያንን ስናገር ነጋዴው ከጎኔ ተኝቶ ነበር፤ መተኛቱን ደግሞ ያወቅኩት ዓይኑን ስለጨፈነ ብቻ ነው። ተማሪ እንዲህ ያለ ሙከራ ሠርቶ ቢያመጣልኝ ወረቀቱን እወረውርበት ነበር። አንዱን ልይዝ ብዬ ሁለቱንም መጠርጠር ጀመርኩ።

አንድ ጠዋት ቀዳዳዋ ሥር ተቀምጬ ጽሑፌን ሳነብ ባለሙያው ቀረብ አለ።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጀርናል አርቲክል ነው?»

«ነው።»

«እኔ እኮ ማስተርሴን በርቀት እየተማርኩ ነው። ፕሮፖዛሌን አማካሪዬ ስንት ጊዜ መለሰብኝ። ‹አላነበብክም፣ የሰው ዓረፍተ ነገር ነው የገጣጠምከው› ይለኛል። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በመዝገበ ቃላት እያየሁ ነው የማነበው። አስፈላጊ የሆነውን በቢጫ አሰምራለሁ።»

«ስንቱ ቢጫ ይሆናል?»

ትንሽ አሰበ። «ሁሉም» አለ።

ሳልወድ ሳቅሁ። ይሄስ ውሸት አይደለም፣ ይህን ለመፍጠር ራሱ ያንን መከራ ማየት ያስፈልጋል አልኩ። ወዲያው ደግሞ፣ ጎበዝ ሰላይ የሚላከው ከነእውነተኛ ችግሩ ነው አልኩ። ቢሆንም ላስተምረው ወሰንኩ። ግማሹ ተንኮል ነበር፤ ስለ ንብ ስናወራ ስለ ስብሰባው አይጠይቀኝም። ግማሹ ደግሞ በሽታ ነው፤ መምህር የጠየቀውን ሰው፣ ሌባም ቢሆን፣ እምቢ ማለት አይሆንለትም።

«ከመጀመሪያው አትጀምር» አልኩት። «አብስትራክቱን አንብብ። ከዚያ ዝለልና መደምደሚያውን አንብብ። ከዚያ ሠንጠረዡን እይ። ሰውዬው ምን ሊያሳምንህ እንደመጣ ሳታውቅ ቤትህ አታስገባው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ታፋጥጠዋለህ። ምን አልክ? ከየት አወቅክ? እስከ የት ድረስ ነው የምታውቀው? ሲመልስልህ ብቻ ነው ወደ መሐሉ የምትገባው።»

አብስትራክቱን አነበበ። ጽሑፉን ገልብጬ ያዝኩና «አሁን የገባህን ለጋሼ በአማርኛ ንገራቸው» አልኩት። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወገቡን አቀና።

«እንደሚታወቀው ጫካና ንብ የማይነጣጠሉ ከመሆናቸው አንጻር በዘርፉ አበረታች ውጤት የተመዘገበ ሲሆን…»

ነጋዴው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ይሄ የወረዳ ዜና ነው እንጂ የንብ ወሬ ነው እንዴ?»

«‹እንደሚታወቀው› ስትል ማን ነው የሚያውቀው?» አልኩት።

«ሁሉም።»

«እኔ አላውቅም» አለ ነጋዴው።

ይህ የባለሙያው ብቻ በሽታ አይደለም፤ የቢሮዎቻችን ሁሉ በሽታ ነው። ማንም ሄዶ ሳያይ «አበረታች» የምትለው ቃል ቀድማ ቦታዋን ትይዛለች። እሱም አልደበቀም። «ሪፖርት የምንጽፈው የአምናውን አውጥተን፣ ቀኑን ቀይረን ነው» አለ። «አለቃ ሊሰማ የሚፈልገው ከታወቀ ሌላው ቀላል ነው።» ይህን ሲል ፊቱን አየሁት። የሚናገረው ስለ ወረዳው ብቻ ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ ስለሚሄድበት ቦታ? ልለይ አልቻልኩም።

ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ እስከሚያልፍ እናነባለን። ጽሑፉ፣ ትልልቅ ዛፍ ሳይቆረጥ በቀረበት ጫካ ቀፎዎቹ የተሻለ ማር ሳይሰጡ አይቀሩም ይላል። ባለሙያው «ማር እንደሚጨምር አረጋግጧል» ብሎ ተረጎመው።

«የት ጋ ነው አረጋግጧል ያለው?»

ጣቱን በመስመሩ ላይ አስኬደ። «‹ሊሆን ይችላል› ነው የሚለው። ፈርቶ ነው።»

«አልፈራም። ያየው እስከዚያ ድረስ ስለሆነ ነው። ያየው ጥቂት ቀበሌ ነው፣ ያውም ዝናብ በበዛበት ዓመት። ካየው አልፎ ቢናገር ውሸታም ይሆናል። ካየው አሳንሶ ቢናገር ደግሞ የለፋበትን ይቀብራል።»

ከዚያ፣ ዓይኑን ከጽሑፉ ሳያነሣ፣ «ለመሆኑ መምህር፣ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ከጎንዎ የተቀመጡት ከእርስዎ ጋር የመጡ ነበሩ?» አለኝ።

ዝናብ አልነበረም፤ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ነጋዴው ዓይኑን እንደጨፈነ ነው፣ ትንፋሹ ግን ተለወጠ።

«ከጽሑፉ ምን ክፍል ላይ ነን?» አልኩት።

«ሜቶዶሎጂ።»

«እዚያ ላይ ስለ አዳራሽ የሚል አለ?»

«የለም።»

«ጥያቄውን የጠየቅኩት ጥናቱን ማንበብ ስለፈለግኩ ነው። ካለ ዛሬም ላነበው እፈልጋለሁ። አሁን እንቀጥል?»

አንገቱን ደፋ። ሰላይ ያፍራል እንዴ? ስለ ስብሰባው ያልኩት ይህን ብቻ ነው፤ እሱንም ብዬ ቀኑን ሙሉ ሲቆጨኝ ዋለ። ነጋዴው ወደ ማታ ላይ ጀርባውን ለባለሙያው ሰጥቶ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል። አንተ ግን እያወቅከው ታነጥፍለታለህ።»

ቀጥሎ የመጣው አጻጻፍ ነው። እስክሪብቶ ስለሌለን በአፍ ጻፍን። ከጽሑፉ አንድ አንቀጽ መርጬ አሳየሁት፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነገሩን ይናገራል፣ ቀጥሎ ያየውን ያመጣል፣ ቀጥሎ የማያውቀውን አላውቅም ይላል። «ቃሉን አትውሰድ» አልኩት። «አጥንቱን ውሰድ፣ ሥጋውን ለባለቤቱ ተውለት። በል፣ ስለምንጠጣው ውሃ አንድ አንቀጽ ንገረን።»

የመጀመሪያውን «የንጹህ መጠጥ ውሃ ተደራሽነትን በተመለከተ» ብሎ ጀመረ፤ ነጋዴው አስቆመው። ሁለተኛውንም አስቆምነው። በሌላ ቀን፣ ሌሎቹ እስረኞች ሁሉ እየሰሙ፣ ዓይኑን ቆርቆሮው ላይ ተክሎ ቀስ እያለ እንዲህ አለ፦

«ከበርሜሉ የምንጠጣው ውሃ ሳያሳምመን አይቀርም። ከበርሜሉ ከጠጡት ጋሼን ጨምሮ አብዛኞቹ ሆዳቸውን ታመዋል። ከቤት የመጣላቸውን የጠጡት አልታመሙም። ይሁን እንጂ ጋሼ የዚያኑ ዕለት የከረመ ጎመን በልተዋል።»

«ጎመኑን አትንካው!» አለ ነጋዴው።

ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። አንቀጹ ጥሩ ነበር፤ ከአንዳንድ ባልደረቦቼ አንቀጽ ይሻላል። ደስ አለኝ፣ ደስ ስላለኝም በራሴ ተናደድኩ። በማግስቱ ከሰዓት በር ላይ ስሙን ሲጠሩት «ተሽሎኛል» ሲል ሰማሁት። ጎትተው ወሰዱት። የዚያን ዕለት ሲመለስ የጥብስ ሽታ አልነበረውም። ወይም እኔ አልሸተተኝም።

አንድ ጠዋት መርማሪው ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባና ሁለት ብርጭቆ ሻይ አለ። አንዱ ሻይ መርማሪው ፊት ነው። ሁለተኛው ባለሙያው ፊት።

ሻዩን ሳይ ነገሩ ሁሉ አለቀ። መጠርጠሬ ልክ መሆኑ ምንም አላጽናናኝም። ሚስቴ ታየችኝ፤ ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ግን ስለ ጎመኑ አብሬው መሳቄ ነው።

«ይህን ሰው ታውቀዋለህ» አለኝ መርማሪው።

«ተማሪዬ ነው» አልኩ። ለምን እንዲያ እንዳልኩ አላውቅም።

መርማሪው ፈገግ ብሎ ወደ እሱ ዞረ። «በል፣ የነገርከኝን ፊቱ ላይ ድገምለት። ከኋላው ሰዎች አሉ ብለሃል። መክረው ነው ያስጠየቁት ብለሃል።»

ባለሙያው ሻዩን አልነካውም። እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል ከቷቸዋል።

«ብያለሁ» አለ።

«ጥሩ።»

«ያልኩትን ግን ለሁለት ከፍዬ ባቀርበው።»

«ምን ብለህ ነው የምትከፍለው?»

«የሰማሁትና የገመትኩት ብዬ። የሰማሁት፣ ‹የጠየቅኩት ጥናቱን ማንበብ ስለፈለግኩ ነው› ማለታቸውን ነው። ይህን ከራሳቸው አፍ ሰምቻለሁ። ከኋላቸው ሰዎች አሉ ያልኩት ግን ግምት ነው። እርስዎ ይኖራሉ ስላሉኝ ነው የገመትኩት። አላየሁም፣ አልሰማሁም።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልክ?»

«ሪፖርት የለመድኩት እንዲያ ነው» አለ።

መርማሪው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «አንተ ሰውዬ፣ ሰዎች የሉም ነው የምትለኝ?»

«የሉምም አልልም።» አንገቱን ደፍቷል፤ መናገሩን ግን አልተወም። «እሱንም አላውቅም። ከአንድ ክፍል፣ ከአንድ ሰው ተነሥቼ የሉም ብዬ መደምደም አልችልም። ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል ነው የምለው።»

መርማሪው እጁን ዘርግቶ ከባለሙያው ፊት ሻዩን አነሣና ወደ ራሱ አስጠጋው። እኔን ወደ ክፍሌ መለሱኝ።

የሆነውን ለነጋዴው ነገርኩት። አልተደነቀም። «ድራማ ነው» አለ። «አሁን አምነኸው፣ ‹ይህ ሰው ለእኔ ሲል ተጎዳ› ብለህ፣ ሆድህን እንድትዘከዝክለት ነው። ቆይ፣ መልሰው ያመጡታል።»

እውነትም ከሰዓት በኋላ መልሰው አመጡት። ጫማ የለውም። ሸሚዙ ተቀዷል፣ የታችኛው ከንፈሩ አብጧል። በሩ ከኋላው ተዘጋ። ነገሩ በክፍሉ ተዳርሶ ስለነበር ሁሉም እግሩን ዘረጋ፤ የኖረበት ቦታ በእግር ተሞላ። ሰላምታ የሰጠው የለም።

«ቦታ የለም» አለ ነጋዴው።

ባለሙያው በሩ ሥር፣ ከሽንት ባልዲው አጠገብ ቆመ። ዝናብ ጀመረ። እኔም እንደሌሎቹ እግሬን ዘርግቼ ነበር። ከንፈር ማበጡ ምንም አያረጋግጥም፤ ለሥራ ሲሉ ከንፈር ያሳብጣሉ። ጫማ ማውለቅም ቀላል ነው። የነጋዴው አባባል ካየሁት ሁሉ ጋር ይስማማል። ሌላውም አባባል ይስማማል። ይህን ሁሉ እያሰብኩ ሳለ ሰውየው ቆሞ ነበር፤ ከቆርቆሮው ስንጥቅ የሚወርደው ውሃ ትከሻው ላይ ይንጠባጠባል። ፈርቼዋለሁ፣ ተናድጄበታለሁም። አንጀቴን የበላኝ ግን ከባልዲው ላለመራቅ ሲል ራሱን ማጥበቡ ነው፤ ለእሱ የሚገባው ያ ቦታ ብቻ እንደሆነ ተቀብሎታል።

እግሬን ሰበሰብኩ።

«ና» አልኩት። አልሰማኝም፣ ወይም አላመነም። በእጄ ጠራሁት። በሰዎቹ እግሮች መካከል እየተሳበ መጥቶ ጎኔ ተቀመጠ። ጽሑፉን ከፍራሹ ሥር አውጥቼ ሰጠሁትና ወደ ጆሮው ተጠጋሁ።

«ውይይቱ ላይ ነው ያቆምነው።»

ከንፈሩ ስላበጠ ቃላቱን በደንብ ማውጣት አልቻለም፤ ዝናቡም ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሲያነብ አልሰማሁትም፣ አፉ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያየሁት። ነጋዴው «አንተን የሚያስተምር አልተፈጠረም» ብሎኝ ጀርባውን ሰጠን።

ከዚያ በኋላ መርማሪው አልጠራኝም። አንድ ጠዋት «ዕቃህን ያዝ» አሉኝ። ለምን እንደታሰርኩ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንደተፈታሁም አልነገሩኝም። ጽሑፉን ለእሱ ትቼለት ወጣሁ።

አሁንም እዚያው ኮሌጅ አስተምራለሁ። ተማሪ ያነበበውን በሙሉ አቅልሞ ሲያመጣልኝ እቆጣለሁ፤ ጽፎ ሲያመጣልኝም «ከየት አወቅክ?» እላለሁ። ስለዚያ ሰው ያለኝን ግን ስንት ጊዜ ደርድሬ አፈረስኩት። ጥብሱን፣ ሻዩን፣ ከንፈሩን። ከየትኛውም ወገን ብነሣ አንድ ነገር ይጎድላል። የተፈታሁት በእሱ ቃል ይሁን ሰልችቷቸው፣ አላውቅም። እንዲህ ያለ አለማወቅ እንደ እኔ ላለው ሰው ቀላል አይደለም።

እሱም ተፈቶ አሁን ዋጫ በምትባል ከተማ ነው የሚኖረው። ከሥራ አባረውታል፤ ወይም ተባረርኩ ብሎኛል። ከንብ አርቢዎች ማኅበር ጋር ይሠራል፣ ማስተርሱንም ጨርሷል። ቦንጋ ሲመጣ ቤታችን ጎራ ይላል። እሱ ሲመጣ ስልኬን አጠፋለሁ። ስለ ንብ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ተማሪዎቼ እናወራለን፤ ስለ ሌላ ሰው አላወራም። ሚስቴ ሰላም ትለውና ወደ ጓዳ ትገባለች። ስንቅ ይዛ መጋዘኑ በር ላይ ዝናብ ሲወርድባት የኖረችው እሷ ናት፤ እኔ የተውኩትን ቂም እሷ አልተወችውም።

ባለፈው የመጣው በምሳ ሰዓት ነው። በሩ ላይ እንደቆመ አልገባ አለ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አሁንም ይጠረጥሩኛል አይደል?»

ሚስቴ ሳህን እንደያዘች ቆመች። ልዋሸው ዳድቶኝ ነበር። እሱ ሳይዋሸኝ አልቀረም፣ እኔም ሚዛን ወንድም አለኝ ብዬ አንዴ ዋሽቼዋለሁ፤ ደግሜ መዋሸት ግን ነውር መሰለኝ።

«አዎ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። አልተከፋም፤ ወይም ያልተከፋ መሰለ። «እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን እጠረጥር ነበር» አለና ሊሄድ ዞር አለ።

«ወዴት ነው? ግባ እንጂ» አልኩት። «ቆጮው ይቀዘቅዛል።»

እሱ እኔን አየ፣ እኔ ሚስቴን አየሁ። ሚስቴ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና የእጅ ውሃ ልታመጣለት ሄደች።